ወይንን ከሥሩ፦ ስማቸው ስላልገነነ የአሜሪካ ወይን ጠጆች

የአሜሪካ ወይን ጠጅ ሲባል ለአብዛኞቻችን ድቅን የሚለው ካሊፎርኒያ፣ ከካሊፎርኒያም ናፓ ሸለቆ ነው። አይፈረድብንም። አገሪቱ ከምታመርተው ወይን ጠጅ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል የሚወጣው ከዚያው ስቴት ነው። ነገር ግን ብዛት ሌላ፣ ጥራት ሌላ። በበኩሌ የኒውዮርክን፣ የቨርጂኒያንና የሚዙሪን ወይን ጠጅ እያፈላለግሁ ስቀምስ ቆይቻለሁ። የማቀርበው ሙገሳ ሳይሆን ሂስ ነው። መመዘኛዬም አንድ ነው፦ መጠጡ የበቀለበትን መሬት ይመስላል ወይስ ናፓን ለመምሰል ይጋጋጣል?

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይባላልና ከታሪኩ እንነሳ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1619 የቨርጂኒያ ሸንጎ ጄምስታውን ላይ ተሰብስቦ እያንዳንዱ አባወራ በየዓመቱ አሥር የወይን ተክል እንዲተክል ደነገገ። ከዚያ በኋላም ቶማስ ጀፈርሰን በሞንቲቼሎ ርስቱ የአውሮፓን ወይን ለማልማት ብዙ ዓመት ደከመ። አልሆነም። ፊሎክሴራ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ሥሩን፣ የእርጥበት ሻጋታ ደግሞ ቅጠሉንና ፍሬውን ይፈጁት ነበር። ያው ተባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የፈረንሳይን ወይን ሲያወድም፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከዚሁ ከአሜሪካ ነው። የሚዙሪው የነፍሳት ተመራማሪ ቻርለስ ራይሊና የቴክሳሱ ማንሰን ተባዩን የሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ለፈረንሳይ ገበሬ እንዲደርስ ከረዱት መካከል ናቸው። ፈረንሳይም በ1888 ማንሰንን ሸልማዋለች። ዛሬ የቦርዶ ወይን አብዛኛው በአሜሪካ ሥር ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ የማን ዝና በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ አንባቢ ይፍረድ።

ስም አለማግኘት ሁልጊዜ የጣዕም ፍርድ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት በልዩ የወይን አካባቢነት መጀመሪያ ያጸደቀው ናፓን ሳይሆን የሚዙሪዋን ኦገስታ ነው፤ በ1980። ናፓ የተከተለችው በ1981 ነው። ታዲያ ሚዙሪ ለምን ወደ ኋላ ቀረች? ዋናው ምክንያት ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የመጠጥ ክልከላ ነው። በኸርማን ከተማ የሚገኘው፣ በ1847 የተመሠረተው የስቶን ሂል ጓዳ በዚያ ዘመን እንጉዳይ ማብቀያ ሆኖ ነበር። ወይን ጠጅ ወደ መጥመቁ የተመለሰው በ1965 ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የበላው ሕግ እንጂ አፈር አይደለም።

ወደ ኒውዮርክ እንሻገር። ዶክተር ኮንስታንቲን ፍራንክ በ1951 ከዩክሬን ተሰድዶ ሲመጣ የወይን ሊቅ ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። ሰሃን አጠበ፤ በጄኔቫ የእርሻ ምርምር ጣቢያም የተሰጠው የጉልበት ሥራ ነበር። ዲግሪውን በሻንጣ ይዞ ታክሲ የነዳ የአገሬ ሰው ይህ ታሪክ አይጠፋውም። እዚህ ብርድ የአውሮፓ ወይን አይበቅልም ሲሉት፣ ከዚህ በባሰ ብርድ አብቅያለሁ፣ ጉዳዩ ተስማሚ ሥር መምረጥ ነው አላቸው። የሰማው ሻርል ፉርኒዬ የተባለ ሌላ ስደተኛ፣ ፈረንሳዊ ወይን ጠማቂ ነው። ፍራንክ በ1962 በኪዩካ ሐይቅ ዳር የራሱን ወይን ጠጅ ቤት አቋቋመ። ዛሬ የፊንገር ሌክስ ሪዝሊንግ የሚደነቀው በእርሱ ድካም ጭምር ነው። ጥልቆቹ ሐይቆች የበጋውን ሙቀት ይዘው ስለሚቆዩ ተክሉን ከክረምቱ ብርድ ይታደጉታል። ጣዕሙም ብሩህና ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ማንንም አይኮርጅም። ከሦስቱ አካባቢዎች አንደኝነቱን የምሰጠው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ፍራንክ የሚተችበት ጉዳይ አለው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወይን የተዳቀሉትን ዝርያዎች ለጤና ጠንቅ ናቸው እያለ ያወግዝ ነበር። ማስረጃ አልነበረውም። የናቁትን ሰው የረታ ሊቅ ተመልሶ ሌላውን ሲንቅ ማየት ያሳዝናል። መልሱን የሚሰጠው ኖርተን ነው። ይህ በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ የተገኘ፣ አብዛኛው ደሙ የአሜሪካ የዱር ወይን የሆነ ጥቁር ወይን ዛሬ የሚዙሪ መለያ ነው። ጠንካራ ነው፤ ኮምጣጣነቱም ለለመደው እንጂ ለጀማሪ አይመችም። ጥቂት ዓመት ሲቀመጥ ግን ይገራል። በወጣትነቱ ቀድተው “ይኸው የእኛ ወይን” የሚሉ ሻጮች ስሙን እያበላሹት ነው።

ቨርጂኒያ በመሐል ትዋልላለች። በጋው ዝናባምና ወበቃም ስለሆነ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ብዙ ጊዜ ሳይደላው ይለቀማል። ቀደም ብሎ የሚበስለው ካበርኔ ፍራንና ቆዳው ወፍራም የሆነው ፔቲ ቬርዶ የተሻለ ይሆናሉ። በ2011 የስቴቱ መለያ ተብሎ የተሰየመው ቪዮኒዬ ሲያምር የአበባና የኮክ መዓዛ አለው። አንዳንዶቹ ጠማቂዎች ግን በአዲስ በርሜል ያንን መዓዛ ይቀብሩታል። በናፓ ዋጋ ናፓ ያልሆነ ናፓ መሸጥ ማለት ይህ ነው።

ገዢውም ጽሑፉን ያንብብ። ጠርሙሱ የስቴት ስም ከያዘ ቢያንስ 75 በመቶው ወይን የዚያ ስቴት፣ የልዩ አካባቢ ስም ከያዘ 85 በመቶው የዚያ አካባቢ መሆን አለበት። “አሜሪካን” ብቻ ካለ ፍሬው ከየትኛውም ስቴት ሊመጣ ይችላል። ውጭው የአካባቢ ሥዕል፣ ውስጡ የሌላ አገር ጭማቂ እንዳይሆን መጠየቅ መብታችን ነው።

በርበሬ ለበዛበት የእኛ ገበታም አንድ ቃል። አልኮሉ የበረታ የናፓ ቀይ ወይን የዶሮ ወጡን እሳት ያባብሳል፤ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው የፊንገር ሌክስ ሪዝሊንግ ግን ያበርደዋል። ለዚህ ከጠጅ ጋር ያደገ ምላስ አስተማሪ አያሻውም። እኛ ስማችንና የመጣንበት አገር ብቻ ታይቶ ሲፈረድብን የምንቆጣ ሰዎች፣ ቢያንስ በጠርሙስ ላይ ያንኑ አንድገም። ቀምሰን እንፍረድ።