ውለታው የሰውየው ነው ወይስ የፓርቲው?
እዚህ ሽኩና ጊሜል ምርጫ ሲቃረብ አንድ ክርክር ሁሌ እሰማለሁ፦ "ራቭ ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድነታችንን መሰከሩልን፤ ስለዚህ ሻስን መምረጥ ውለታ መመለስ ነው።" ለወላጆቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔም አልንቀውም። ግን እስቲ ዓመቶቹን እንያቸው። ራቭ ኦቫዲያ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ያሉት በ1973 ነው፤ ሻስ ክኔሴት የገባው በ1984። ውሳኔው የሃላኻ ነው፤ ፓርቲው ያኔ መቼ ተወለደና!

ደግሞስ ውሳኔው በር ከፈተ እንጂ ጥያቄውን አልዘጋውም። በ1985 ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም ዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት "ለጥርጣሬው ሚክቬ ግቡ" ስለተባሉ ነው። ቄሶቻችን አገር ቤት ሲያጋቡን ኖሩ፤ እዚህ ግን ጋብቻ የሚመዘገበው በራባኑት ነው።

ሻስ ምንም አልሰጠንም አልልም፤ በ2008 ራቭ ማዞር ባሃይናን ክኔሴት አስገብቷል። ግን እምነትን ከድምፅ ጋር ማሰር ልማዱ ነው፤ በ1996 ምርጫ የራቭ ካዱሪን ክታብ ሲያድል ነበር፣ በኋላ ሕግ ከለከለው እንጂ። የእኛ ክታብ ደግሞ ያቺ የ1973 ውሳኔ ሆናለች።

በሩን አንኳኩተው ሲመጡ እማማ "እሺ ልጆቼ" ብላ ቡና ታፈላላቸዋለች፤ ደግ ነው። አንተ ግን ቡናው እስኪወርድ ስለ ቄሶቹ ደሞዝና ሥልጣን ጠይቃቸው።