አሥራ አራቱ ፊደላትና አምስት ሚሊዮኑ ኮደሮች

“ልጄን ኮዲንግ ላስገባው ነው” የማይል ወላጅ አሁን ከየት ይገኛል? በኛ ጊዜ ሕክምና ነበር፤ ቀጥሎ አካውንቲንግ ነገሠ፤ ዛሬ ተራው የኮድ ሆኗል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ “5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች” የተባለውን ሥልጠና ሲጀምር ደግሞ ወሬው አሶሳ ድረስ ዘለቀ። በነጻ ነው፤ በኢንተርኔት ነው። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር ወጣት ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ዘመድ ሳያስቸግር፣ ቤት ኪራይ ሳይከፍል ሙያ የሚጠላ ማን ነው?

አሶሳ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ልጅ ሰርተፍኬቱን ከስልኩ አውጥቶ አሳየኝ። ከካማሺ የመጣ፣ አፉን በጉሙዝኛ የፈታ ነው። “እንኳን ደስ አለህ” ብለው፣ “ጋሼ፣ ደስታው ይቆየኝ፤ ሥራው የት ነው?” አለኝ።

የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ሰው ለዚህ ምን መልስ ይኖረዋል? ያለኝ አንድ አሮጌ ልማድ ብቻ ነው። ሥራ ሲቀርብልኝ ማን፣ ለማን፣ ምን ቸግሮት ሠራው ብዬ እጠይቃለሁ። ሥልጠናውን በዚህ ዓይን ሳየው “ለማን” የሚለው አልተመለሰም። ዌብ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ለአሶሳውም ለጅጅጋውም አንድ ዓይነት። ችሎታው ችሎታ ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ለሁሉም የተሰፋ ልብስ ማንን ልክ ሆኖ ያውቃል?

ከኛ ሰዎች በኮድ ቁም ነገር የሠሩትን ጥሩ ብባል የነፍስሐ አጥላውን ትውልድ እጠራለሁ። ፍስሐ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሆኖ በኮምፒውተር አማርኛ ማስጻፍ ከጀመሩት አንዱ ነው። በ1990ዎቹ ኢሜይል ሲመጣ ደግሞ በላቲን ፊደል ካልሆነ አማርኛ መላላክ ጭንቅ ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ “ሴራ” የተባለውን ዘዴ አዘጋጁ። (ስሙ ሴራ ይሁን እንጂ ማንንም አልጎዳም!) ትንሿ የላቲን “ቲ” ተን፣ ትልቋ ጠን ትወክላለች። ጽሑፉ ለዓይን አያምርም፤ እውነቱን ለመናገር ያስቀይማል። ነገር ግን ሰን ከሠ፣ ጸን ከፀ ሳይቀላቅል ይለያል፤ ጋዜጦቻችን እንኳ ግድ የማይሰጣቸውን ጥንቃቄ የጠበቀ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ ማለት የዓለም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል በጋራ የተስማሙበት የቁጥር መዝገብ ነው። ዛሬ በስልካችሁ “እንደምን አደርክ” ብላችሁ የምትልኩት ያ ስለሆነ ነው። ይህን ሥሩ ብሎ የቅጥር ማስታወቂያ የለጠፈ መሥሪያ ቤት አልነበረም። በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች በኢሜይል እየተጻጻፉ፣ እየተከራከሩ ያመጡት ነው።

አሁን ወደ ካማሺው ልጅ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኒኮድ 32 ተጨማሪ የግዕዝ ሆሄያትን ሲመዘግብ ከጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮና ባስኬቶ ጋር 14ቱ የጉሙዝኛ ነበሩ፤ ሁለት ቤቶች ከነሰባት ልጆቻቸው። ለዚህ ጽሑፍ አንዷን ላስገባ ብሞክር ባዶ ሳጥን ወጣልኝ። ቁጥር አላት፤ ኮምፒውተሬ ላይ የተጫነው የፊደል ቅርጽ ግን አያውቃትም። በዚያ ላይ በክልሉ ጉሙዝኛም በርታኛም ለትምህርት የሚጻፉት በላቲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የበርታኛ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላትም በርታኛውን በላቲን ነው ያሰፈረው። ምርጫው የባለቋንቋዎቹ ነው፣ አልሟገትም። በየትኛውም ፊደል ይሁን፣ የስልክ መዝገበ ቃላቱን፣ የሆሄ ግድፈት ማረሚያውን፣ ለተማሪ የሚያነብለትን ፕሮግራም ማን ይሥራው? ደግሞ ካሊፎርኒያ ያለ ሰው?

“ቋንቋህን ውደድና ሥራው” ብሎ ልጁን መሸኘት ግን ግፍ ነው። ፍቅር ቤት ኪራይ አይከፍልም። የጀማሪ ኮድ እንደሆነ አሁን ማሽኑም ይጽፈዋል፤ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረው ቀላል ሥራ ላይ ተሻሚ መጥቶበታል። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈ ነገር ስለሆነ በእንግሊዝኛ ይራቀቃል፤ ጉሙዝኛ ላይ ሲደርስ የሚማርበት ጽሑፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እዚህ ላይ ልጁ የዱባዩ ኮደር የሌለው ነገር አለው። ገዢ ብቻ ነው ያጣው።

ገዢው ደግሞ መንግሥት ካልሆነ ማን ይሆናል? የጉሙዝኛ መዝገበ ቃላት የሚገዛ ነጋዴ አልጠብቅም። የክልሉ ትምህርት ቢሮና እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተነጋግረው ለአሥር ልጆች የሁለት ዓመት ደመወዝ ቢይዙ፣ ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው አበልና ባነር የሚብስ አይመስለኝም። በጀቱ ሲያዝም ለኮምፒውተር ብቻ እንዳይሆን። ቃሉን የሚያውቁት መተከልና ካማሺ ያሉ እናቶችና አባቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ሲጠየቁ ለሚውሉበት ለእነሱም ይከፈላቸው።