መሬቱ ስለ ተቈረጠበት ኦሲሎስኮፕ፤ በአንድ የሙከራ መምሪያ ላይ የቀረበ ትችት

በኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ ለሦስተኛ ዓመት ተማሮች የሚታደል አንድ የሙከራ መምሪያ አለ። የታተመበትን ቤትና የአዘጋጁን ስም መጥራት አያስፈልገንም፤ አሳባችን ጽሑፉን መመርመር እንጂ ሰውን መንቀፍ አይደለምና። መምሪያው በብዙ በኩል የሚመሰገን ነው። ሥዕሎቹ የጠሩ ናቸው፤ ስሌቶቹም በጥንቃቄ ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ ስለ ሬክቲፋየር በሚናገረው በአምስተኛው ሙከራ ላይ፣ ስለ ኦሲሎስኮፕ አያያዝ የተሰጡ ሁለት ምክሮች አሉ፤ የመጀመሪያው ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ፣ ሁለተኛው ሐሰተኛ ቍጥር የሚያስገኝ ነው። እኛ ሦስት ሆነን በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛውን ምክር ተከትለን ሐሰተኛውን ቍጥር በሪፖርታችን ጽፈናል፤ ሙሉ ማርክም ተቀብለንበታል። ትችታችን እንግዲህ ከራሳችን ይጀምራል።

የሙከራው ሁኔታ እንዲህ ነው። ከሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት በአራት ዳዮዶች ድልድይ ተስተካክሎ በትልቅ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያም 150 ኦም ያህል በሆነ የማሞቂያ ሬዚስተር ውስጥ ያልፋል። 220 ቮልት የምንለው መብራት በጫፉ ላይ 311 ቮልት ስለሚደርስ፣ በማሞቂያው ውስጥ የሚያልፈው ከረንት 2 አምፔር ያህል ይሆናል። ይህን ከረንት በኦሲሎስኮፕ ለማየት በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ 0.1 ኦም የሆነ ትንሽ ሬዚስተር ተቀጥሎአል። በዚህ ትንሽ ሬዚስተር ሁለት ጫፎች መካከል የሚገኘው ቮልቴጅ እንግዲህ 0.2 ቮልት ብቻ ነው። ተማሪው የሚፈልገው ይህን 0.2 ቮልት ነው፤ እርሱ ግን በ311 ቮልት ጫንቃ ላይ ተቀምጦአል።

እኛ በተማርንበት የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረው መለኪያ በባትሪ የሚሠራ፣ ቀይና ጥቍር ገመድ ያለው ትንሽ ሣጥን ነበር። ሁለቱን ገመዶች ወደ ፈለግንበት ብንወስዳቸው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይነግረን ነበር። ከዚያ የተነሣ ማንኛውም መለኪያ ሁለት እኩል እጆች ያሉት ይመስለን ነበር። ኦሲሎስኮፕ ግን እንዲህ አይደለም። የፕሮቡ ሹል ጫፍ እውነተኛ መለኪያ ሲሆን፣ ከጎኑ የተንጠለጠለው የመሬት መቆንጠጫ ግን ከመሣሪያው የብረት አካል ጋር፣ በስፒናው ሦስተኛ እግር በኩልም ከሕንፃው መሬት ጋር የተያያዘ ተራ ሽቦ ነው። የሁሉም ቻነሎች መቆንጠጫዎች እርስ በርሳቸውም የተገናኙ ናቸው። ስለዚህ መቆንጠጫውን በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ማሰር ማለት ያንን ሽቦ ከመሬት ጋር ማጋጨት ማለት ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ተማሮች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ መምሪያውም አላነሣውም። ‹‹መቆንጠጫውን በፖዘቲቩ ላይ ማሰር ካልተቻለ በኔጋቲቩ ላይ እንሰረው፤ ኔጋቲቭ ዜሮ ነውና›› ይባላል። ይህ ስሕተት ነው። ኒውትራሉ በትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋር ታስሮአል፤ የድልድዩ ኔጋቲቭ ግን በዳዮድ በኩል አንዴ ከኒውትራል፣ አንዴ ከፌዝ ጋር ስለሚገናኝ፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ከዜሮ አካባቢ እስከ 311 ቮልት ድረስ ከመሬት በታች ይወርዳል። ፖዘቲቩም እንደዚሁ ከዜሮ አካባቢ እስከ 311 ቮልት ይወጣል። በዚህ ሰርኪት ውስጥ መቆንጠጫ የሚታሰርበት አንድም ደኅና ቦታ የለም።

መምሪያው ይህን ችግር ሳያውቀው አልቀረም፤ መፍትሔ ብሎ የሰጠው ግን የኦሲሎስኮፑን ስፒና ሦስተኛ እግር በሌለው ማገናኛ በኩል መሰካትን ነው። በሠራተኞች ዘንድ ‹‹መሬቱን መቍረጥ›› የሚባለው ይኸው ነው። በውጤቱ የመሣሪያው የብረት አካል በሙሉ መቆንጠጫው ወደ ታሰረበት ቮልቴጅ ይወጣል። ቍልፉን ለማዞር እጁን የሚዘረጋው ተማሪ፣ ከጀርባ ያለውን የብረት ቀለበት ቢነካ የነካው 311 ቮልት ነው። የመሬቱ ሽቦ በመጀመሪያ የተሠራው ይህ እንዳይሆን ነበር። አንዳንድ ጓደኞቻችን ‹‹ተጠንቅቀን ካልነካነው ምን አለበት?›› ይሉናል። በ2017 ዓ.ም. ከእኛ ጠረጴዛ አጠገብ የነበሩት ተማሮች ተጠንቅቀው ነበር፤ ማንም አልነካውም። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ሥዕሉን ወደ ኮምፒዩተር ለማውጣት የዩ ኤስ ቢ ገመድ ሰካ። የተቈረጠው መሬት በኮምፒዩተሩ ስፒና በኩል ተመልሶ መጣ፤ ኦሲሎስኮፑም ኮምፒዩተሩም በአንድነት ተቃጠሉ። ሰው አልተጐዳም። መምሪያው ግን ገጹ ሳይለወጥ በማግሥቱ ለሌላው ክፍል ተሰጠ።

አደጋውን ብንተወው እንኳ ልኬቱ ራሱ ይበላሻል። በፕሮቡ ሹል ጫፍ በኩል በሰርኪቱ ላይ የሚጫነው 10 ሜጋኦምና 10 ፒኮፋራድ ያህል ነው። በመቆንጠጫው በኩል ግን የመሣሪያው አካል በሙሉ ከነትራንስፎርመሩ ይንጠለጠላል፤ ይህም ከመሬት ጋር 100 ፒኮፋራድና ከዚያም በላይ ካፓሲታንስ አለው። ቀስ ብሎ በሚለዋወጥ ሰርኪት ላይ ይህ ላይታይ ይችላል፤ ትራንዚስተር በፍጥነት በሚከፍትበትና በሚዘጋበት ነጥብ ላይ ቢታሰር ግን በስክሪኑ ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ የሰርኪቱ ይሁን የመለኪያው ለመለየት አይቻልም።

ወደ ሁለተኛው ምክር እንለፍ። መምሪያው መሬቱን መቍረጥ የሚፈራ ተማሪ በሁለት ፕሮቦች እንዲጠቀም፣ አንዱን በትንሹ ሬዚስተር በአንደኛው ጫፍ፣ ሌላውን በሁለተኛው ጫፍ አድርጎ በኦሲሎስኮፑ የሒሳብ ቍልፍ አንዱን ከሌላው እንዲቀንስ ይመክራል። ይህ ለሰው አደገኛ አይደለም። እኛም ፈሪዎች ስለ ሆንን ይህንኑ መረጥን። ስክሪኑ 1.6 ቮልት አሳየን፤ 1.6ን ለ0.1 አካፍለን 16 አምፔር ብለን ጻፍን። በዚያው ሰርኪት መግቢያ ላይ 5 አምፔር የሚል ፊውዝ ተሰክቶ ነበር፤ እስከ ሰዓቱ መጨረሻም አልተቃጠለም። ከሦስታችን አንዳችን እንኳ 16 አምፔር በ5 አምፔር ፊውዝ ውስጥ እንዴት አለፈ ብለን አልጠየቅንም። ሪፖርቱን ያረመውም መምህር አልጠየቀም።

ያ 1.6 ቮልት ከየት መጣ? 311 ቮልት በስክሪኑ ላይ እንዲታይ ለእያንዳንዱ ክፍል 50 ቮልት መስጠት ግድ ነው፤ ስምንቱ ክፍሎች 400 ቮልት ይሆናሉ። የላቦራቶሪያችን ኦሲሎስኮፕ እንደ አብዛኞቹ ባለ 8 ቢት ስለ ሆነ፣ ይህን 400 ቮልት በ256 ደረጃዎች ይከፍለዋል፤ የአንዱ ደረጃ ከፍታ 1.56 ቮልት ነው። የምንፈልገው 0.2 ቮልት የአንድ ደረጃ ስምንተኛ ብቻ ስለ ነበር መሣሪያው ሊያየው አይችልም ነበር። ባለ 12 ቢት ኦሲሎስኮፕ ቢኖረን ኖሮ ደረጃው ወደ 0.1 ቮልት ይወርድ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ስሕተት ይጠብቀናል። ሁለቱ ፕሮቦች በ10 ሲያካፍሉ ፍጹም እኩል አያካፍሉም። በመካከላቸው የመቶ ግማሽ ልዩነት ቢኖር፣ የ311 ቮልት መቶ ግማሽ እንደገና 1.56 ቮልት ይሆናል። የጻፍነው ቍጥር ከእነዚህ ከሁለቱ ከአንዱ ወይም ከሁለቱም የመጣ ነው፤ ስለ ከረንቱ የሚናገረው አንዳች ነገር አልነበረበትም።

ከዚህ በኋላ ስለ ዲፈረንሻል ፕሮብ መናገር ይገባናል። ይህ ዓይነቱ ፕሮብ ቀድሞ የጠቀስነውን የትምህርት ቤት መለኪያ የሚመስል፣ እኩል የሆኑ ሁለት እጆች ያሉት ነው። ሁለቱም እጆች ብዙ ሜጋኦም በሆነ ሬዚስታንስ በኩል ገብተው በአንድ ማጉያ ላይ ይገናኛሉ፤ ማጉያው ለሁለቱም የጋራ የሆነውን ቮልቴጅ ጥሎ ልዩነቱን ብቻ ያሳልፋል። መቀነሱ የሚፈጸመው ወደ ቍጥር ከመለወጡ በፊት ስለ ሆነ፣ ያ የ1.56 ቮልት ደረጃ አያሰናክለውም። ኦሲሎስኮፑም መሬቱን እንደ ያዘ ይቀመጣል። አሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1934 እንግሊዛዊው ብራያን ማቲውስ ከነርቭ የሚመጣውን እጅግ ደካማ ቮልቴጅ ከመብራት ጕርምርምታ ለይቶ ለመመዝገብ እንዲህ ያለ ማጉያ ገልጾአል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ መሐንዲሱ አለን ብሉምላይን ሁለት ቱቦዎችን በአንድ የጋራ ሬዚስተር ላይ ያሠረበትን ሰርኪት በፓተንት አስመዝግቦአል። ዛሬ በትራንዚስተር የሚሠሩት ዲፈረንሻል ማጉያዎች የዚያው ዘሮች ናቸው።

በላቦራቶሪያችን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ዲፈረንሻል ፕሮብ አለ፤ እንዳይሰበር ተብሎ ተቈልፎበት ይኖራል። ለአንድ ቀን ለምነን ተቀበልነው። ይሁን እንጂ ‹‹ይህን ፕሮብ ግዙልንና ችግሩ ሁሉ ያልቃል›› ከሚሉት ጓደኞቻችን ጋር አንስማማም። ፕሮቡ የጋራውን ቮልቴጅ ፈጽሞ አይጥለውም፤ የመጣል ኃይሉ በዴሲቤል ይለካል፤ ፍጥነቱ እየጨመረ በሄደ መጠንም ይደክማል። ለስሌት ያህል በ50 ኸርዝ 80 ዴሲቤል፣ በ1 ሜጋኸርዝ 50 ዴሲቤል ነው እንበል። 80 ዴሲቤል ማለት ከ10,000 አንድ ማለት ስለ ሆነ፣ ከ311 ቮልት 31 ሚሊቮልት ያህል አምልጦ ይገባል። በ0.2 ቮልታችን ላይ ይህ ከመቶ 15 ስሕተት ነው። 50 ዴሲቤል ግን ከ316 አንድ ነው፤ ትራንዚስተር 300 ቮልትን በፍጥነት በሚያገላብጥበት ሰርኪት ላይ 1 ቮልት ያህል ሐሰት ይገባል ማለት ነው። በዚያ ሰርኪት ውስጥ 12 ቮልት የሆነውን የትራንዚስተር መክፈቻ ለሚመለከት ሰው 1 ቮልት አያስጨንቀውም። በ0.1 ኦም ሬዚስተር ከረንት ለሚለካ ግን 10 አምፔር ያህል ሐሰት ነው። አንዱ ፕሮብ፣ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ ለአንዱ ልኬት መልካም ሆኖ ለሌላው የማይረባ ይሆናል። ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲግናሉን በብርሃን ገመድ የሚያሳልፉ የተነጠሉ ፕሮቦች ወጥተዋል፤ ለእኛ ላቦራቶሪ ግን ይህ የሩቅ ነገር ነው።

እኛ ፕሮቡን እንደ ተቀበልን ሁለቱንም እጆች በአንድ ነጥብ ላይ፣ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ አሰርናቸው። ልዩነት ስለሌለ ስክሪኑ ዜሮ ማሳየት ነበረበት፤ ነገር ግን 25 ሚሊቮልት የሚወጣና የሚወርድ የ50 ኸርዝ ማዕበል አሳየን። ይህ የመለኪያው ስሕተት መጠን ነው፤ ያለ አንዳች ሒሳብ፣ በግማሽ ደቂቃ ተገኘ። ከዚያም እጆቹን በትንሹ ሬዚስተር ግራና ቀኝ አድርገን 0.21 ቮልት አነበብን። ፕሮቡ 1/50 እና 1/500 የሚሉ ሁለት መደቦች ስላሉት በ1/50 ላይ ማድረጋችንንም እንጥቀስ፤ በ1/500 ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ ኦሲሎስኮፑ የሚደርሰው 0.4 ሚሊቮልት ስለ ሆነ በማጉያው ጫጫታ ውስጥ ይሰጥም ነበር። ሁለቱን ገመዶች አንድ ላይ መጠምዘዝም ይጠቅማል፤ ተዘርግተው ሲቀሩ በአካባቢው ያለውን ሁሉ ይለቅማሉ።

ፕሮብ በሌለበት ላቦራቶሪስ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት መነጠል የሚገባው መለኪያው ሳይሆን የሚለካው ሰርኪት ነው። ሰርኪቱን በአንድ ለአንድ የመነጠያ ትራንስፎርመር በኩል ብንመግበው ከሕንፃው መሬት ጋር ያለው ዝምድና ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ትንሹን ሬዚስተር ወደ ኔጋቲቩ ሽቦ አዛውረን በተራ ፕሮብ ልንለካው እንችላለን። እርግጥ ነው፣ መቆንጠጫው ከታሰረ በኋላ የሰርኪቱ አንድ እግር መሬት ስለ ረገጠ ፖዘቲቩን የሚነካ ሰው እንደገና ይመታል። ቢሆንም አደጋው ተማሪው አደገኛ መሆኑን በሚያውቀው ቦታ ላይ ነው፤ ቍልፉን በሚያዞርበት ደኅና በሚመስለው ሣጥን ላይ አይደለም። የመምሪያው አዘጋጅ የገንዘብ እጥረትን ምክንያት ያደርግ ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር በዚያው ላቦራቶሪ ወለል ላይ፣ ለሌላ ሙከራ ተብሎ የተቀመጠ ይገኛል።

ስለዚህ በአምስተኛው ሙከራ ላይ መሬት ስለ መቍረጥ የሚናገረው አንቀጽ እንዲሰረዝ፣ በሁለት ፕሮቦች መቀነስ የጋራው ቮልቴጅ ከልዩነቱ ብዙ በማይበልጥበት ቦታ ብቻ እንደሚሠራ እንዲጻፍ፣ ከማንኛውም የዲፈረንሻል ልኬት በፊትም ሁለቱ እጆች በአንድ ነጥብ ላይ ታስረው የታየው ቍጥር በሪፖርቱ መጀመሪያ እንዲሰፍር መምህሮቻችንን እንጠይቃለን። ቁም ሣጥኑም ቢከፈት ደስ ይለናል።

እኛም የቀድሞውን ሪፖርት አስመልሰን 16 አምፔር የሚለውን ሰርዘን፣ 2.1 አምፔር፣ ስሕተቱም እስከ 0.3 አምፔር ድረስ ብለን ጽፈን አስረክበናል። ማርኩ ምን እንደሚሆን ገና አልተነገረንም።