«ክፍተት» ስለሚለው ቃል በሞተር መመሪያዎች ትርጉም

ወደ አማርኛ በተመለሱ የሞተር መመሪያዎች «የቫልቭ ክፍተት» የሚለው ስያሜ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን ተሸክሞ እናገኘዋለን። አንደኛው ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ በጫፉና በሚገፋው ክንድ መካከል የሚተወው ነው፤ ይኸውም በስስ የብረት ቅጠል ይለካል፣ ከአንድ ሚሊሜትርም በእጅጉ ያንሳል። ሁለተኛው ቫልቩ ተከፍቶ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲቃረበው በሁለቱ መካከል የሚቀረው ነው። ይህ የሚታወቀው በፒስተኑ ራስ ላይ ለስላሳ ጭቃ ለጥፎ፣ ቴስታታውን ከነጋስኬቱ አስሮ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ፣ የተጨፈለቀውን ጭቃ በመለካት ነው። ጉልበቱ እንዲጨምር ለሚሠራ የቤንዚን ሞተር በተለምዶ ለማስገቢያው ቫልቭ 2፣ ለማስወጫው 2.5 ሚሊሜትር ያህል ይተዋል።

በጅጋ ወይም በቡሬ ጋራዥ ቴስታታው ተልጎ ሲሳሳ ሁለተኛው ይጠባል። መካኒኩ «ክፍተቱን አስተካክል» የሚል ትርጉም አንብቦ አንደኛውን ብቻ ቢያርም፣ ቫልቩ ፒስተኑን መትቶ ሊጣመም ይችላል፤ የተርጓሚውን ስሕተት የሚከፍለው ባለመኪናው ነው።

ከዚህም በላይ «ክፍተት» በዛሬው አነጋገር ጉድለትን ስለሚያመለክት፣ መጠበቅ ያለበት ነገር መደፈን ያለበት ይመስላል። ስለዚህ ለአንደኛው የተለመደው «የቫልቭ ክፍተት» ይቆይ፤ ለሁለተኛው «የፒስተንና የቫልቭ መራራቂያ» ቢባል ይበጃል እንላለን። ከጣሊያንኛ የመጣውን «ቴስታታ» ግን መካኒኩ ያለማብራሪያ ስለሚረዳው፣ በአዲስ ቃል መተካቱን አንደግፍም።