የጠጋኝ ዐይን

የሕክምና መሣሪያ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ዕቃው ከመሰበሩ በፊት በየትኛው በኩል እንደሚደክም አስቀድሞ የማየት ልማድ ቀስ በቀስ ያድርበታል፤ ይህም ልማድ ከፈጠራ ጥበብ ጋር አንድ ሥር እንዳለው በጽኑ አምናለሁ። ብዙዎች ፈልሳፊን ከባልንጀሮቹ ተለይቶ በተመሥጦ የሚኖር፣ በአንዲት ቅጽበት ምሥጢር የተገለጠለት አድርገው ያስቡታል። እኔ ግን የፈጠራ ሥራዎችን ታሪክ ወደ ኋላ በተከተልሁ ቁጥር የማገኘው ብዙውን ጊዜ አጎንብሶ የተበላሸ ነገር የሚፈታ ሰው ነው።

ለዚህ እምነቴ ዋነኛው ምስክር ጋሬት ሞርጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ተወልዶ፣ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ትምህርት ይዞ፣ በ1895 ወደ ክሊቭላንድ ከተማ የገባው ይህ ሰው እንጀራውን የጀመረው የልብስ ስፌት መኪና በመጠገን ነበር፤ በ1907ም የራሱን የጥገና ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ከእጁ የወጡት ነገሮች ላይ ላዩን ለሚያይ የተበታተኑ ይመስላሉ፦ ፀጉር የሚያለሰልስ ቅባት፣ ከጢስ የሚያድን ጭምብል፣ የመንገድ ትራፊክ ምልክት። ሆኖም ቅባቱ የተገኘው፣ ፈጥና የምትመላለሰው መርፌ በፍትጊያ ግላ ሱፉን እንዳታቃጥል የሚከላከል ፈሳሽ ሲፈልግ ነው። ሌሎቹንም ያወጣቸው ያው ዐይን ይመስለኛል።

በ1914 የፓተንት መብት ያገኘበትን ጭምብል ቀረብ ብለን እንመልከተው። ራስን እስከ ትከሻ የሚሸፍን፣ ለዐይን መስኮት የተተወለት የሸራ ከረጢት ነው፤ ከእርሱም ረጅም ቱቦ እስከ መሬት ይወርዳል። በሚቃጠል ቤት ውስጥ ትኩሱ አየርና ጢሱ ቀልለው ወደ ጣሪያ ስለሚወጡ፣ ለእስትንፋስ የሚሆነው አየር የሚቆየው ከወለሉ አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ቱቦው ወደዚያው ይወርዳል። በቱቦው አፍ የተቀመጠው እርጥብ ስፖንጅ የሚገባውን አየር እያቀዘቀዘ ጥላሸቱን ያስቀራል። ሸራ፣ ቱቦ፣ ስፖንጅ፤ ከእነዚህ አንዱም ለዘመኑ ሰው እንግዳ አልነበረም። ሞርጋን ያደረገው አየሩ የሚሄድበትን መንገድ በልቡናው ተከትሎ፣ የሰውን አፍንጫ ወደዚያ መንገድ ማድረስ ነው፤ እኔም ከዚህ የሚበልጥ የፈጠራ ትምህርት አላውቅም።

በእኔ ሙያ የዚያ ስፖንጅ ዘመድ በየዋርዱ አለ። ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር የምንለው መሣሪያ የክፍሉን አየር ስቦ፣ ዚዮላይት በተባለ ማዕድን እንክብሎች መካከል በግፊት አሳልፎ፣ ናይትሮጅኑን አስቀርቶ ኦክስጅኑን ለሕሙሙ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ረቂቅ ሥራ ግን አየር በሚገባበት በኩል ባለች አንዲት ስስ ስፖንጅ ላይ ያርፋል። አስታማሚ መሣሪያውን ከግድግዳ ሲያስጠጋው ወይም መጋረጃ ሲጋርደው አየሩ ይታፈናል፤ የብርድ ልብስ ብናኝና የወለል አቧራ ሲጠቀጠቅበት ሞተሩ ይግላል፣ ለሕሙሙ የሚደርሰውም ኦክስጅን ይሳሳል። ስለዚህ ለወጣት ረዳቶቼ፣ ክዳኑን ለመፍታት ከመቸኮላችሁ በፊት ስፖንጁን አውጥታችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ እስኪደርቅም ታገሡ እላቸዋለሁ።

ወደ ሞርጋን ጭምብል ልመለስ። በሐምሌ 1916 በክሊቭላንድ፣ ከኢሪ ሐይቅ ሥር በሚቆፈር የውሃ ዋሻ ውስጥ ጋዝ ፈነዳ፤ ሊያድኑ የገቡትም ሰዎች አብረው ቀሩ። ሞርጋን በሌሊት ተጠርቶ ከወንድሙ ከፍራንክ ጋር ጭምብሉን አጥልቆ ወረደ፤ በሕይወት ያሉትንም የሞቱትንም አወጡ። ይህን ያደረገው ሰው ቀደም ሲል ዕቃውን ለገዢዎች ሲያሳይ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት አንድ ነጭ ሰው ፈልሳፊ መስሎ እንዲቆምለት ለመቅጠር ተገድዶ ነበር። የአንድ ሰው ልቡና ያፈለቀው ነገር ነፍስ እያዳነ፣ ባለቤቱ ስሙን መሸሸግ እንዲኖርበት ማድረግ ኅሊና የሚቀበለው ግፍ አይደለም።

ሞርጋን በ1923 የፓተንት መብት ስላገኘበት የመንገድ ምልክት ብዙ አልናገርም፤ አንዱን ነገር ብቻ ልጥቀስ። ምልክቱ ከቁምና ከእለፍ ሌላ፣ ተራው ወደ ሌላው መንገድ ከመዛወሩ በፊት በሁሉም አቅጣጫ የሚመጣውን የሚያቆም ሦስተኛ አቋም ነበረው፤ መስቀለኛው መንገድ መሐል የደረሰው ተሽከርካሪ እስኪወጣ፣ እግረኛውም እስኪሻገር ፋታ ይሰጣል።

ይህንኑ ዐይን በዋሽንግተን አበባ ትሸጥ በነበረችው በሜሪ ኬነርም ሥራ አየዋለሁ። በ1976 የፓተንት መብት ያገኘችበት ዕቃ በዎከር (በሁለት እጅ ተይዞ በሚራመዱበት ድጋፍ) ላይ የሚገጠም ትሪና ኪስ ነው። በዎከር የሚሄድ ድኩም ሰው ሁለቱም እጆቹ ስለሚያዙ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከማጀት እስከ አልጋው ማድረስ አይችልም፤ ዎከሩን የሠሩት ስለ እግሩ ሲያስቡ፣ እርስዋ ስለ እጁ አሰበች። በ1982 ከእኅቷ ጋር የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ጫፉ ሁልጊዜ በቀላሉ እንዲያዝ የሚያደርግ መያዣ፣ በ1987ም በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚገጠም የጀርባ ማሻ አስመዘገበች። እነዚህን እንደ ትንንሽ ነገር የሚቆጥር ሰው የታመመ ወገን አስታምሞ የማያውቅ ይመስለኛል።

በአገራችንም በየሆስፒታሉ ወርክሾፕ፣ የግሉኮስ መስቀያ በዎከር ላይ የሚበይድ፣ ለተሰበረ አልጋ አዲስ ማንሻ የሚቀርጽ ጠጋኝ አይጠፋም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከፓተንቱ ሌላ ለአነስተኛ ፈጠራም ጥበቃ ይሰጣል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ግን በእጃቸው የሠሩትን በወረቀት ስለማያሰፍሩት፣ ሠሪው ሲዛወር ዕቃው ያለ ሥዕል፣ ያለ ልክ፣ ያለ ስም ይቀራል፤ በሌላው ሆስፒታል ያለው ጠጋኝም ያንኑ ችግር እንደገና ከሀ ይጀምረዋል።