ፎቶው ያልነገረን ማዕበል

በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንተቸው መጽሐፍ ነው። ዛሬ ግን ፎቶግራፍ እናነባለን። አዎ፣ ፎቶም ይነበባል። የመረጥነው እንግሊዛዊው ማይክል ኬና በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት፣ በክረምት ያነሳቸውን የባሕር ዳርቻ ፎቶዎች ነው። ኬና የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን፣ «ሆካይዶ» የተባለው መጽሐፉ በ2006 ታትሟል።

ክረምት ስንል ሐምሌንና ጭቃን አታስቡ። የሆካይዶ ክረምት የሚበረታው በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ነው። ከሳይቤርያ የሚነሳው ብርዳም ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይሸከምና ደሴቲቱ ላይ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። ባሕሩም በዚያው ነፋስ ይናወጣል። በኦሆትስክ ባሕር በኩል ደግሞ ተንሳፋፊ በረዶ እየተገፋ እስከ ዳርቻው ይደርሳል።

ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ትንንሽም ናቸው፣ ጎናቸው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በረዶው መንገዱንም ሣሩንም ቆሻሻውንም ሸፍኖታል። የቀረው አንድ አጥር፣ ጥቂት እንጨት፣ አንድ ድንጋይ ነው፤ ነጭ ወረቀት ላይ የተጻፉ ጥቂት ፊደላት ይመስላሉ። ትርፍ ነገር የለም። ድርሰት ለሚጽፍ ተማሪ ይህ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ይመጣል። በዚያ ሁሉ ነፋስ መሐል ባሕሩ ለምን እንደ ወተት ረጋ? ኬና የፊልም ካሜራውን መዝጊያ ለደቂቃዎች፣ ሌሊት ሲሆን እስከ 10 ሰዓት እንኳ ከፍቶ ይተወዋል። እያንዳንዱ ሞገድ ፊልሙ ላይ ጥቂት ብርሃን ጥሎ ያልፋል፤ አንዱም ግን ቅርጹን ይዞ አይቀርም። ብዙ ሺህ ሞገድ ተደምሮ ጉም ይሆናል ማለት ነው። በመካከል ዓሣ አጥማጅ አቋርጦ ቢያልፍ ጥላው እንኳ አይታይም።

ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1857 በሴት ከተማ ያነሳው «ታላቁ ማዕበል» የዚህ ተቃራኒ ነው። እሱ ሞገዱን ሲሰበር ቀጥ አድርጎ አቆመው። ሰማዩን ግን ከሌላ ኔጌቲቭ አምጥቶ ነው የቀጠለው። እንግዲህ ፎቶ አይዋሽም የምትሉ ሁለቱንም አስቡ።

ኬና ዘዴውን ደብቆ አያውቅም፤ በግልጽ ይናገራል። ሥራውንም እናደንቃለን። ሆኖም ፎቶዎቹን በተከታታይ ስናይ ፀጥታው ልማድ ይሆንብናል፤ ሰው የሚበላው ባሕር የግድግዳ ጌጥ ይመስላል። ፎቶዎቹን ክፍል ውስጥ ስናሳይ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እንዲህ ከሆነማ ምኑ ያስፈራል?» አለ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ «ባሕር እንዲህ የሚሆነው ፎቶ ላይ ነው» ብላ ዝም አለች። ከየት እንደመጣች የምናውቅ እኛም ዝም አልን።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወንድም ወይም እህት የቀረባቸው አሉ። በዚያ ወቅቱ የተገላቢጦሽ ነው። ባሕሩ የሚናወጠው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ደላላው «አሁን ተኝቷል» የሚለው ከመስከረም በኋላ ነው። የተኛ ባሕርም ሰው ይወስዳል። ነገ አንዱ በሞባይሉ የረጋ ውኃ ቢያሳያችሁ፣ ከኬና ፎቶ የተማራችሁትን ጠይቁት፦ ካሜራው ስንት ጊዜ ተከፍቶ ቆየ? ከፎቶው ውጪ ማን ነበር? በሌላ ወር ቢነሳስ?

እስቲ እናንተም አንድ ፎቶ መርጣችሁ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መርምሩት። ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ ጽፋችሁ ለመምህራን ክፍል አስገቡ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።