ቲኬቱን ከፈሉ፤ እሑዱንስ ማን ይክፈል?

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስላየሁት ፊልም ወይም ስለሰማሁት ዘፈን ነው። ዛሬ የምተቸው ግን ፎርም ነው። አትሳቁ። ፎርምም እኮ ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊ አለው፣ በሐሳቡ የሚያየው አንባቢ አለው፣ የሚወደውና የማይታየው ነገር አለው።

የማወራው አርቲስቶች ከአገር አገር ሄደው እንዲሠሩ፣ እንዲማሩና ሥራቸውን እንዲያሳዩ ተብሎ ስለሚሰጠው ድጋፍ ነው፤ «የባህል ልውውጥ ግራንት» ስለሚሉት። ቲኬት ይከፍላሉ፣ ማደሪያ ይሰጣሉ፣ አንዳንዴም የኪስ ገንዘብ ይጨምራሉ። ማኅበራችን ውስጥ ዘፋኝ አለች፣ ጥልፍ የምትጠልፍ አለች፣ ግጥም የምትጽፍ አለች፣ በስልኳ ፊልም የምትቀርጽ አለች። ስለዚህ ማስታወቂያው በዋትስአፕ ሲደርሰን እሑድ ተሰብስበን እናነበዋለን። እንግሊዝኛውም ዓረብኛውም ትንሽ ስለሚቀናኝ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ዜግነት፣ የሚኖሩበት አገር። ለኛ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመውና መቀመጫውን እዚሁ ቤሩት ያደረገው የአረብ የሥነ ጥበብና የባህል ፈንድ፣ በአጭሩ አፋክ የሚሉት፣ ስሙ እንደሚናገረው የቆመው ለአረብ አርቲስቶች ነው። አርት ሙቭስ አፍሪካ የሚባለው ደግሞ ለጉዞ የሚረዳው አፍሪካ ውስጥ እየኖሩ የሚሠሩትን ነው። እኛ አፍሪካውያን ነን፣ አፍሪካ ውስጥ ግን አንኖርም። አረብ አገር እንኖራለን፣ አረብ ግን አይደለንም። ሁለቱንም አልወቅስም፤ ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለበት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የአርቲስት እንቅስቃሴ፣ ድንበር መሻገር እያለ በየገጹ የሚደጋግም ጽሑፍ፣ ድንበር ተሻግራ ዓመታት ለቆየችው ሴት የምትሞላው ክፍት ቦታ የለውም።

«ከየትኛውም አገር ማመልከት ይቻላል» የሚሉም አሉ። እዚያ ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ይጠብቀናል፦ የፓስፖርት ኮፒ። ከመካከላችን የስንታችን ፓስፖርት በእጃችን እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። ያላት እንኳ ብትሆን፣ ወደ አውሮፓ ለሚደረግ የአሥር ቀን ፌስቲቫል ቪዛ ስትጠይቅ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤና ለመመለሷ ማስረጃ አምጪ ትባላለች። የባንክ ሒሳብ ያላት እጇን ታውጣ! ደመወዛችን በእጅ ነው፣ ወደ ቤት የምንልከውም በኦ ኤም ቲ ነው። ወጪሽን መጀመሪያ ከኪስሽ አውጪ፣ ደረሰኝ ስታመጪ እንመልስልሻለን የሚል ድጋፍ ሲገጥመኝማ ፎርሙን አጥፌ ቡና አፈላለሁ።

የአሠሪ ደብዳቤው ላይ ትንሽ ልቆይ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። ከዚያ በላይ ደግሞ ከፋላው አለ፤ ኢቃማዋ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው። ከአገር ወጥታ በሰላም መመለስ የምትችለው አሠሪዋ ሲፈቅዱ ነው ማለት ነው። ኳታር ያላችሁ እህቶቻችን እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ለአሠሪ ከ72 ሰዓት በፊት አሳውቃችሁ ያለ መውጫ ፈቃድ መውጣት እንደምትችሉ በወረቀት ተጽፎላችኋል። ወረቀቱ በየቤቱ ምን ያህል እንደሚሠራ እናንተ ጻፉልን።

ማስታወቂያው «አመልካቾችን የሚመርጡት ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ናቸው» ይላል። ዳኞቹ የማያውቋት አንዲት ተጨማሪ ዳኛ ግን አለች፤ እሷም ማዳም ናት። ዘፈኑን ሳትሰማ፣ ሥዕሉን ሳታይ የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው እሷ ናት። ደግ ማዳም እንኳ ብትሆን «ታዲያ ልጆቹን ማን ይይዝልኛል?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ የተጋበዘችው አርቲስት ስትሄድ የሚጎድለውን ሥራ የሚሸፍን ገንዘብ በፎርሙ ላይ የለም።

ይህ ነገር በኛ አልተጀመረም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ በፒያኖው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ፒያኖና ቫዮሊን ተማሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ተማሩ። ከዚያ ለንደን ሄደው ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል መጣላቸው፣ የመሄጃው ፈቃድ ግን ተከለከለ። ወጣት ነበሩ። እህል እምቢ ብለው እስኪታመሙ አዘኑ፤ በኋላም ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኰሱ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም፣ በኛው ገዳም ኖረው በ2023 ዐረፉ።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ የእሳቸው ነገር ሲነሳ «ለንደን ሄደው ቢሆን ያንን ሙዚቃ አይሠሩትም ነበር፤ እንኳንም ቀሩ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ክልከላን እንደ በረከት የሚያይ ሰው፣ ተከልክለው ድምፃቸው ሳይሰማ የቀሩትን አይቆጥርም። ደግሞ ሙዚቃውን ራሱን በደንብ ስሙት። ግራ እጃቸው ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ቀኝ እጃቸው በኛ ቅኝት ይፈስሳል፣ አንዳንዴ እንደ መሪጌታ ዜማ ያዝ አድርጎ ይለቃል። ያ ግራ እጅ ስዊዘርላንድ ውስጥ የተማረ እጅ ነው። የቀኙን ደግሞ ማንም የውጭ አስተማሪ አልሰጣቸውም። ስለዚህ የባህል ልውውጥ ከንቱ ነው አልልም። ሲሠራ እንደዚያ ይሠራል፤ ሰውየዋ የራሷን ይዛ ሄዳ የሌላውን ጨምራ ትመለሳለች። ግን እማሆይ እዚያ የቆዩት ለዓመታት ነው፤ አሥር ቀን አይደለም።

ከእሳቸው በኋላ የመጡትን ሠዓሊዎች ተመልከቱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1957 ኮሎኝ፣ ጀርመን ሄዶ እስከ 1961 ተማረ። እስክንድር ቦጎሲያን በ1955 በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለንደን ሄደ፣ ከዚያ ፓሪስ ዘጠኝ ዓመት ቆየ፤ ሥዕሉን የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገዛ። ሁለቱም ተመልሰው በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት በመመረቅ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ደስታ ሐጎስም በኋላ ካሊፎርኒያ ሄዳ ተማረች። የእነዚህ ሰዎች ትምህርት የተቆጠረው በዓመት ነው። መሳሳትም፣ መሰላቸትም፣ የቀለሙን ነገር ቀን ከሌት ማሰብም ጊዜ ይፈልጋል። ዛሬ በስልካችን የሚመጡት ማስታወቂያዎች አሥር ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት ወር ናቸው። በአሥር ቀን ውስጥ አንዲት ሴት ሻንጣዋን ትፈታለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ መድረክ ላይ «አመሰግናለሁ» ትላለች፣ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ለሪፖርቱ ግን ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። በየፎርሙ አለ፦ «ሥራዎ በማኅበረሰብዎ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?» ይህ ጥያቄ ሳይናገር የሚናገረው ነገር አለ። አንዲት የአውሮፓ ሠዓሊ ሰማያዊ ቀለም ስለምትወድ ሰማያዊ ትቀባለች። እኛ ግን ለምን እንደምንዘፍን ማስረዳት አለብን፤ ማስረጃውም ስቃያችን ነው። ያመለከቱ እህቶችን ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። መጀመሪያ የሚጽፉት ሌላ ነው፣ ፎርሙ ላይ የሚገባው ሌላ። ስንት ዓይነት ነገር የምትጠልፍ ልጅ ፎርም ስትሞላ በረንዳና የታጠፈ ሻንጣ ብቻ የምትጠልፍ ትመስላለች። በደሉ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ እናውቀዋለን፣ የቀበርናቸው እህቶች አሉ። ግን ስለ በደል ካላወራን የማይሰማን መድረክ እንግዳ አድርጎ ጠራን ለማለት ይከብደኛል።

ሁለት ፊልሞችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። አንደኛው የሊባኖሳዊው ማሄር አቢ ሰምራ «መኽዱሚን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በርሊን ላይ ታይቶ የሰላም ፊልም ሽልማት አግኝቷል። ካሜራው ቤሩት ውስጥ አንድ የቤት ሠራተኛ አስመጪ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ንግዱን ያያል። ደላላው ይናገራል፤ እኛ በአብዛኛው ፎቶና ወረቀት ነን። ጥሩ ፊልም ነው፣ ሐቀኛም ነው፤ ሰውየው የኛን ልብ አውቃለሁ ሳይል የራሱን ወገን ነው የመረመረው። ሁለተኛው «ቤሩት» ይባላል። የሠራችው እዚሁ በቤት ሠራተኝነት የኖረችው ራሔል ዘገየ ናት። ጻፈችው፣ አዘጋጀችው፣ ገንዘቡንም ከደመወዟ አጠራቀመች፤ ቀረጻው የዕረፍት ቀንን የሚጠብቅ ነበር። እዚያ ውስጥ ፎቶ አይደለንም። እንናገራለን፣ እንሳሳታለን፣ እርስ በርሳችንም እንጎዳዳለን።

እኔ ሁለቱም እንዲኖሩ እፈልጋለሁ። የሚያንገበግበኝ የሁለቱ መንገድ ነው። ስለኛ የሚሠራ ሰው የሚያንኳኳው በር ብዙ ነው፤ የኛ የሆነው ሥራ የተሠራው በእሑድ ነው። ራሔልን ያን ጊዜ አንድ ሰው «ምን ልርዳሽ?» ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ወደ ውጭ የሚወስድ ቲኬት ቀዳሚው ነገር ይሆን ነበር ብዬ አላስብም። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ያስፈልጓት ነበር።

የልውውጡን ሌላ ገጽታም ሳላነሳ አላልፍም። በበጋ ወራት በየፌስቲቫሉ እንጋበዛለን፤ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰን፣ ቄጠማ ጎዝጉዘን ቡና እንድናፈላ። ቡና ማፍላት እወዳለሁ፣ አላፍርበትም። ግን በሪፖርቱ ላይ ያ ቡና «የስደተኞች ጥበባዊ ተሳትፎ» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። ሲኒውን ያጠብነውም እኛው ነን፤ እሱ በየትኛው በጀት እንደገባ ግን አላየሁም።

ታዲያ ምን ይሁን ትሉኝ ይሆናል። ቀን የሚከፍል ድጋፍ ይሁን። ፍሪላንስ የምትሠራ እህት ሥራ ትታ ለምትለማመድበት ቀን የሚቀርባትን ደመወዝ ይክፈላት፤ ቤት ውስጥ ለምታድረው ደግሞ በምትኩ የምትሠራውን ሰው ይቅጠሩላት፣ ማዳምም ሰበብ አይኖራትም። ገንዘቡ በእጅ ይሰጥ፣ ቀድሞ ይሰጥ። ማመልከቻው በአማርኛ፣ በድምፅም ቢሆን ይቀበሉ፤ ለተርጓሚ የሚወጣው ለአንድ አውሮፕላን ወንበር ከሚወጣው ያንሳል። ደግሞ ለምንድነው ሁልጊዜ ሄያጇ እኛ የምንሆነው? አስተማሪውን ወደኛ ያምጡት። ከአዲስ አበባ አንድ የማሲንቆ ባለሙያ መጥቶ ዶራ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ስድስት ወር ቢቀመጥ፣ በየእሑዱ ቢያስተምረን፣ እሱም ከሰፈሩ የዑድ ተጫዋቾች ጋር ቢገናኝ፣ ከዚህ የበለጠ ልውውጥ የት አለ? ፓስፖርት ከመሳቢያ የሚያወጣው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ስለ ከባዱ ጥያቄ ካነሳሁ አይቀር፣ ዘፋኟ ጓደኛችን ያደረገችውን ልንገራችሁ። የወሎ ልጅ ናት። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ነው የምታወጣው፤ በጣም የሚወደድላት ስለ አጎቷ እልኸኛ በቅሎ የዘፈነችው ነው። አምና ለአንድ የውጭ ድጋፍ ሲያመለክቱላት፣ «በማኅበረሰብዎ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚለው ጋ ስትደርስ «ሰው ይስቃል» ብላ መለሰች። ፎርሙን ይሞላላት የነበረው በጎ ፈቃደኛ ይህ አያስኬድም አላትና «በስደተኛ ሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ግንዛቤ ይፈጥራል» ብሎ ጻፈላት። አልተቀበሏትም። ዘንድሮ ለሌላ ቦታ እንደገና አመለከተች። እኔ ነኝ የሞላሁላት፤ እንዳለችው፣ በራሷ ቃል፣ ከሥሩ ትርጉሙን አድርጌ። የበቅሎዋን ዘፈንም አብረን ልከናል። መልሱ እስካሁን አልመጣም።